ስምንተኛው እርምጃ

ቼስ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ለውድድር ሲቀመጡ የመጀመሪያዎቹ አሥር ወይም አሥራ አምስት እርምጃዎች ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ያልቃሉ። ወታደር ይወጣል፣ ፈረስ ይከተላል፣ ንጉሡ ወደ ጥግ ይገባል። ጨዋታውን የማያውቅ ተመልካች እነዚህ ሰዎች እንዴት ፈጥነው ያስባሉ ብሎ ይደነቃል። እነሱ ግን በዚያ ሰዓት ያስታውሳሉ እንጂ አያስቡም። እጃቸውን የሚመራው ከእነሱ በፊት የኖሩ ሰዎች ድካም ነው፤ አንዱ ሞክሮ የተሸነፈበት፣ ሌላው አርሞ ያዳነው፣ ሦስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ያሰፈረው። የጨዋታው መክፈቻ የምንለው ክፍል ይህ ነው። ሰው ጨዋታውን የሚጀምረው በሌሎች አሳብ ከሆነ፣ ጨዋታው የራሱ የሚሆነው ከየትኛው እርምጃ ጀምሮ ነው?

ይህን ጥያቄ ከአንድ ጨዋታ ለይቼ ማሰብ አልችልም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1918 በኒው ዮርክ፣ የማንሃታን ቼስ ክለብ ባዘጋጀው ውድድር፣ ሆሴ ራውል ካፓብላንካ እና ፍራንክ ማርሻል ተገናኙ። ከተማዋን የኅዳር በሽታ ብለን የምናውቀው ወረርሽኝ እየመታት ነበር፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶታል። ካፓብላንካ የሃቫና ልጅ ነው፤ ያን ቀን 29 ዓመቱ ነበር። ማርሻል የኒው ዮርክ ሰው፣ 41 ዓመቱ፣ በማጥቃት የታወቀና ለድፍረቱ የሚወደድ ተጫዋች ነበር። በ1909 ሁለቱ ረጅም ግጥሚያ ገጥመው ካፓብላንካ 8 ጊዜ አሸንፎ፣ 1 ጊዜ ብቻ ተሸንፎ፣ 14ቱን አቻ ወጥቷል። በታላቁ የሀገሩ ተጫዋች ላይ ገና የ20 ዓመት ወጣት እንዲህ ሲያይልበት ማርሻል ምን እንደ ተሰማው መገመት አያዳግትም።

ካፓብላንካ ነጩን ይዞ በንጉሡ ወታደር ጀመረ። ማርሻልም ያንኑ መለሰ። ፈረስ በፈረስ ተመለሰ፤ ከዚያ የነጩ ጳጳስ ወጥቶ የጥቁሩን ፈረስ ተጋፈጠ። ይህ መክፈቻ የስፔን መክፈቻ ይባላል፤ በሌላ ስሙ ደግሞ በ1561 ስለ ቼስ መጽሐፍ ባሳተመው በስፔናዊው ቄስ በሩይ ሎፔዝ ይጠራል። እስከ ሰባተኛው እርምጃ ድረስ ሁለቱም የሄዱበት መንገድ የተረገጠ ነበር። ጳጳሱ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ሁለቱም ነገሥታት ወደ ጥግ ገቡ፣ የነጭ ግንብ ወደ መካከለኛው መስመር መጣ። በስምንተኛው እርምጃ ነጭ ከጳጳሱ ፊት ያለችውን ወታደር አንድ ቤት ገፋ፤ መሐሉን ለመያዝ የሚደረግ ዝግጅት ነው። በዚህ ቦታ ጥቁር ዘወትር የሚያደርገው ከንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር አንድ ቤት አውጥቶ መሐል ላይ ያለችውን ወታደሩን መደገፍ ነው። ትሕትና ያለው፣ አደጋ የሌለው እርምጃ ነው።

ማርሻል ያንን ወታደር ሁለት ቤት አስወጣው።

ለማያውቅ ሰው ልዩነቱ አንድ ቤት ነው። ለካፓብላንካ ግን ሰሌዳው በሙሉ ተለወጠ። ጥቁር መሐል ያለችውን ወታደሩን በነጻ እየሰጠ ነው፤ በለውጡ የሚጠይቀው ጊዜ ነው። የነጭ አንዱ ፈረስ፣ አንዱ ጳጳስና አንዱ ግንብ ገና ከቤታቸው አልተንቀሳቀሱም፤ እነሱ እስኪደርሱ የጥቁር ሠራዊት ንጉሡ ላይ ይዘምታል። ካፓብላንካም ይህ እዚያው ሰሌዳው ላይ የታሰበ እንዳልሆነ ወዲያው ገባው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ከቤቱ ተዘጋጅቶ መጥቷል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ግን አንዱንም አያውቅም።

ወታደሯን ሳይበላ ሌላ መንገድ መፈለግ ይችል ነበር። ነውርም አልነበረውም። በ1921 ባሳተመው መጽሐፉ በዚያች ደቂቃ የተሰማውን ጽፎታል፤ ባላጋራው ለብዙ ሌሊት በለፋበት ነገር ሊያጠቃው እንደ ተነሣ አይቷል፤ ሆኖም ያለው ቦታ ሊከላከሉለት የሚቻል መሆኑን ፍርዱ ስለ ነገረው፣ ፈተናውን መቀበል የክብር ግዴታ ሆኖ ታየው። ወታደሯን በላ።

ከዚህ በኋላ ባሉት እርምጃዎች ሁለት ዓይነት ጊዜ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተገናኘ ብዬ አስባለሁ። ማርሻል የተቀመጠው ካለፉት ሌሊቶቹ ጋር ነው፤ ካፓብላንካ ያለችው ያቺ ሰዓት ብቻ ናት። የጥቁር ፈረስ ወደ ነጩ ንጉሥ ቀረበ፣ ንግሥቲቱ ጎኑ መጣች፤ በአሥራ አምስተኛው እርምጃ ፈረሱ ንጉሡን የሚጠብቀውን ወታደር በልቶ እዚያው ቆመ። የነጭ ንግሥት ፈረሱን ብትበላው ወጥመዱ ይዘጋባት ነበር፤ ያንን ማርሻል ቤቱ ሳለ አይቶታል። ካፓብላንካ አልበላውም፤ ግንቡን አንድ ቤት ከፍ አደረገ። ቀጥሎም ንጉሡን ከተሸሸገበት ጥግ አስወጥቶ በጠላት ዓይን ፊት፣ በሰሌዳው መካከል አድርጎ ወደ ሌላው ወገን አራመደው። ቼስ ሲማሩ ንጉሥ መሐል ሜዳ ላይ አይቆምም ተብሎ ይነገራል፤ ሕጉ ልክ ነው። ሕጉን የሚያውቅ ብቻ ደግሞ መቼ እንደሚሻር ያውቃል።

ጥቃቱ ከዚያ ወዲያ እየቀዘቀዘ ሄደ። የማርሻል ንግሥትና ጳጳስ ንጉሡ በለቀቀው ጥግ ውስጥ ገብተው የሚያጠቁት አጡ፤ መውጫቸውም ጠበበ። በሌላው ወገን የነጭ ወታደሮች መራመድ ጀመሩ። አንዱ ወታደር ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ቤት ብቻ ሲቀረው፣ በ36ኛው እርምጃ፣ ነጭ ጳጳሱን ሠውቶ ማቱን የማይቀር አደረገው።

ታዲያ የካፓብላንካ ጨዋታ የጀመረው የት ነው? ብዙ ሰው ማርሻል ያንን ወታደር ሁለት ቤት ባስወጣበት ቦታ ይላል፤ የታወቀው አልቋልና። እኔ ግን የሚጀምረው ወታደሯን ለመብላት በወሰነበት ደቂቃ ይመስለኛል። እውቀቱ ያለቀው ሳይጠየቅ ነው፤ በውሳኔው ግን እሱ ራሱ አለበት። ሰው ከሌሎች የወረሰው ነገር ሲያልቅበት ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን መቅረቱ ግን ገና የራሱ ሥራ አይደለም። ካፓብላንካ የሚያመልጥበት በር እያየ አለመውጣቱ ነው ጨዋታውን የእሱ ያደረገው። ማርሻልም ቢሆን የሆነ ቦታ ላይ፣ ምናልባት የነጭ ንጉሥ መራመድ ሲጀምር፣ የሌሊቶቹ ስንቅ አልቆበታል። ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱ ሰዎች በእውነት የተገናኙት።

ስለዚህ ጨዋታ የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። ማርሻል በ1909 ከተሸነፈ ጀምሮ ይህን እርምጃ ለካፓብላንካ ብቻ ብሎ ዘጠኝ ዓመት ደብቆ ያዘው ይባላል። የቼስ ታሪክ አጥኚዎች ይጠራጠሩታል፤ እኔም አልቀበለውም። ቢሆንም ወሬው ለምን እንደ ተወደደ ይገባኛል። በቼስ ውስጥ አዲስ መክፈቻ ልዩ ዓይነት ንብረት ነው፤ ባለቤቱ የሚጠቀምበት አንድ ቀን ብቻ ነው። ተጫውቶት ሲነሣ እርምጃዎቹ ይመዘገባሉ፣ ይታተማሉ፣ በማግሥቱ የዓለም ሁሉ ይሆናሉ። ስለዚህ ያሰበው ሰው የመጀመሪያውን ቀን መርጦ መጠበቁ፣ ባላጋራውን መምረጡ፣ ለሰው የሚታመን ነገር ሆነ።

እዚህ ላይ የቅኔ ቤት ትዝ ይለኛል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት እንዲኖረው የወሰነው ዛሬ የሚቀኘው ተማሪ አይደለም። ልኩን፣ ዜማውን፣ የሰምና ወርቁን አገባብ ከመምህሩ ተቀብሎታል፤ መምህሩም ከመምህሩ። ነገር ግን በዚያ በተቀበለው ልክ ውስጥ የሚያስገባው ቃል አዲስ መሆን አለበት። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ይዋረዳል፤ ትናንት የተቀኘውንም ዛሬ ደግሞ ማምጣት አይወደድለትም። ማንም ደግሞ መወድስ ስምንት ቤት በመሆኑ ነጻነቴ ተነካ ብሎ አያማርርም። ልኩ ባይኖር የቃሉ አዲስነት በምን ይታወቃል? ሁለቱ ኒው ዮርክ ላይ የሄዷቸው ሰባቱ የታወቁ እርምጃዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ስምንተኛው ሰውን ያስደነገጠው እነሱ የታወቁ ስለ ነበሩ ነው።

በሀገራችን ደግሞ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ አጀማመር ነበረ። ሰንጠረዥን፣ የቀድሞውን የሀገራችንን ቼስ፣ ማለቴ ነው። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ አጥብቀው ይወዱት እንደ ነበር እንግሊዛዊው መንገደኛ ሄንሪ ሶልት መስክሯል፤ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት ታሪኩንና ሕጉን ሰብስበው አቆይተውልናል። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ በመስመር የተከፋፈለ ጨርቅ ነው፤ ቤቶቹ ነጭና ጥቁር ተብለው አይለዩም። ንግሥት የለችበትም፤ በእሷ ቦታ ፈርዝ አለ፤ አንድ ቤት ብቻ በሰያፍ ይሄዳል። በጳጳሱ ቦታ ፊል ይቆማል፤ እሱም በሰያፍ ዘልሎ ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል። ንጉሡን በማን እንደ ገደሉት እንኳ ይመዘን ነበር፤ በግንብ ወይም በፈረስ መግደል ተራ ነገር ነው፤ በፊል፣ በፈርዝ፣ ይልቁንም በወታደር መግደል ያስመሰግናል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን መክፈቻው ነው። ወረራ ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም። አንዱ ሲያንቀሳቅስ ሌላውም ያንቀሳቅሳል፤ አንዱ ሦስት ጊዜ ሲሄድ ሌላው አምስት ጊዜ ሊሄድ ይችላል። እያንዳንዱ ሠራዊቱን እንደ ልቡ ያሰልፋል፤ ባላጋራው ምን እያሰናዳ እንደ ሆነ በዓይኑ እየተከተለ የራሱን ያስተካክላል። ይህ ሁሉ የሚቆመው ከሁለት አንዳቸው የሌላውን መጫወቻ ሲበሉ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተራ ይገባል፤ አንድ አንድ እያሉ ይሄዳሉ።

ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ማሰብ ይጠቅማል። ከሕንድ በፋርስ በኩል ወደ ዓረቦች የተሻገረው ጥንታዊው ቼስ ዝግ ያለ ጨዋታ ነበር። ፈርዝና ፊል ደካሞች ናቸው፤ ሠራዊቶቹ እስኪነካኩ ብዙ እርምጃ ይባክናል። ይህን ዝግታ የተለያዩ ሕዝቦች በተለያየ መንገድ ፈቱት። በባግዳድ ዘመን አል ዐድሊና አል ሱሊን የመሳሰሉ ሊቃውንት የታወቁ አሰላለፎችን እያጠኑ ስም ሰጧቸው፤ ተጫዋቹ ወደ መረጠው አሰላለፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ውጊያው ይጀመራል። አውሮፓውያን በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ መጫወቻዎቹን ራሳቸውን ለወጡ፤ ፈርዝ በሰሌዳው ሁሉ የምትሮጥ ንግሥት ሆነ፣ ፊልም ረጅም ጉልበት አገኘ። ያኔ ውጊያ ከአራተኛና ከአምስተኛው እርምጃ ሊጀምር ቻለ፤ እያንዳንዱ የመጀመሪያ እርምጃም የሚያድን ወይም የሚያጠፋ ስለ ሆነ መክፈቻን ማጥናት ግድ ሆነ። እኛ ደግሞ መጫወቻዎቹን ሳንነካ ተራውን አነሣን።

የዚህን ጥልቀት በቂ ሰው ያየው አይመስለኝም። በዛሬው ቼስ ሕግ ከጨዋታው ይቀድማል። ነጭ አንድ እርምጃ ይቀድማል፤ ትንሽ ብልጫ ነው፣ ብልጫነቱ ግን የታወቀ ነው፤ ጥቁር ገና ሳይነካ ከኋላ ይጀምራል። በወረራ ግን የሚቀድም የለም፤ የሚቀድመው እጁ የፈጠነ፣ ዓይኑ የነቃ ነው። ተራ የሚባለው ሥርዓት የሚወለደው አንድ ነገር ከጠፋ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ኪሳራ ሁለቱንም ያስታግሣቸዋል፤ አሁን እያንዳንዱ እርምጃ ዋጋ እንዳለው አውቀዋልና አንዱ ለሌላው ይጠብቃል። በሰዎች መካከል ያለው ሕግም እንዲህ ይወለድ እንደ ሆነ ፈላስፎች ብዙ ተከራክረዋል። የእኛ አባቶች በጨርቅ ሰሌዳ ላይ ይጫወቱት ነበር።

ነገር ግን ለወረራ ያለኝ ፍቅር ከሐዘን ጋር የተቀላቀለ ነው። ተራ የሌለው ነገር አይጻፍም። የቼስ ጨዋታ የሚመዘገበው የነጭ አንድ፣ የጥቁር አንድ፣ የነጭ ሁለት፣ የጥቁር ሁለት እየተባለ ነው። ያ ቅደም ተከተል በመኖሩ ነው ዛሬ፣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት፣ ማርሻል ስምንተኛው ላይ ምን እንዳደረገ የማውቀው። በሰንጠረዥ ግን ጎንደር ወይም እንጦጦ ላይ አንድ ብልህ ሰው ያሰበውን አሰላለፍ ማን ይጽፈዋል? ሁለት እጆች እኩል ሲንቀሳቀሱ የትኛው ቀደመ? ያየ ሰው በልቡ ይዞት ሄደ፤ ከእሱ ጋር ጠፋ። ስለዚህ በሰንጠረዥ በሰው ስም የሚጠራ መክፈቻ አላውቅም፤ ጨዋታውም በ20ኛው መቶ ዘመን ለአውሮፓው ቼስ ቦታውን ለቆ፣ ዛሬ የሚያውቀው ሰው ማግኘት ከባድ ሆኗል። ወረራ ተጫዋቹን ከሙታን አሳብ ነጻ አደረገው፤ በዚያው ልክ እሱም ከሚመጡት ጋር የሚነጋገርበት መንገድ አጣ።

የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር ይህንን ነጻነት ፈልጎ ነበር። በ1996 ቦነስ አይረስ ላይ አዲስ የቼስ ዓይነት ይዞ ቀረበ፤ ከወታደሮቹ ኋላ ያሉት መጫወቻዎች በዕጣ ይደረደራሉ፤ የሚገኙት አሰላለፎች 960 ናቸው። መክፈቻን በቃል መያዝ ጨዋታውን ገደለው ብሎ ያምን ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተር ቤት ውስጥ ሆኖ እስከ ሃያኛው እርምጃና ከዚያም በላይ ሲያዘጋጅ ስናይ ፊሸር ትክክል ነበር የሚሉ በርክተዋል፤ ታላላቆቹ ተጫዋቾችም በእሱ ዓይነት እየተወዳደሩ ነው። ድካማቸው ይገባኛል። ሆኖም ከ960ው አንዱ በዕጣ ሲወጣ ሁለቱም ተጫዋቾች ያለ አባት ይቀመጣሉ። ከሩይ ሎፔዝ ጋር የሚያገናኛቸው ክር ይበጠሳል። ካፓብላንካ የገጠመው ፈተና፣ የሌላውን ሰው ለብዙ ሌሊት የታሰበ አሳብ በአንዲት ሰዓት ፍርድ የመቀበል ፈተና፣ በዚያ አይገኝም። ያ ፈተና ከቼስ እንዲወጣ አልፈልግም።

የማርሻል እርምጃ ከሽንፈቱ በኋላ አልሞተም። በኋላ ራሱ ማርሻል በ11ኛው እርምጃ ፈረሱን ወደ ኋላ በመመለስ ፈንታ በወታደር መደገፍ እንደሚሻል አሳየ፤ ጥቃቱ አዲስ ሕይወት አገኘ። በ1965 ቦሪስ ስፓስኪ ትብሊሲ ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ተፎካካሪ የሚመረጥበትን ፍጻሜ ከሚካኤል ታል ጋር ሲገጥም ደጋግሞ ተማመነበት፤ ግጥሚያውንም 7 ለ4 አሸነፈ። ዛሬ ኮምፒዩተሮች ሲጠየቁ ጥቁር በአንድ ወታደር አንሶም ይበቃዋል ይላሉ። ማርሻል ወታደሯ ለጊዜ ሲባል ብትሰጥ አይጎዳም ማለቱ እውነት ነበር፤ ካፓብላንካም ቦታው ይጠበቃል ማለቱ እውነት ነበር። ሁለት ሰዎች በተቃራኒ ወንበር ተቀምጠው ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ክርክር ብዙ አላየሁም።

መክፈቻውም የሚጠራው በተሸነፈው ሰው ስም ነው፤ የማርሻል ጥቃት። ካፓብላንካ በ1921 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ከ1916 እስከ 1924 በውድድር አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። ያ ሁሉ ክብር እያለው በዚያ መንገድ ላይ የተጻፈ ስም የለውም። ይህ ፍርድ ትክክል ነው እላለሁ። ጨዋታውን ያሸነፈ የዚያን ቀን ውጤት ወሰደ፤ መንገድ የከፈተ ግን ከእሱ በኋላ የሚሄዱበት ሁሉ ስሙን ይጠሩታል፣ እሱ ራሱ የመጀመሪያው ወድቆበት ቢሆንም።

ዛሬ ብዙ ነጮች ወደዚያ ቦታ መድረስ አይፈልጉም። በስምንተኛው እርምጃ ከጳጳሱ ፊት ያለችውን ወታደር ትተው ከዳር ያሉትን የግንብ ወታደሮች ይገፋሉ፤ ማርሻልን መሸሻ ተብሎ የሚታወቅ መንገድ ነው። ጋሪ ካስፓሮቭም በ1993 ከናይጀል ሾርት ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲገጥም ይህንኑ መርጧል። ብልህነት ነው፤ ካስፓሮቭን ፈሪ የሚለው የለም። እኔ ግን አንድ ነጭ ያቺን የጳጳስ ወታደር አንድ ቤት ገፍቶ ሰዓቱን ሲጫን ደስ ይለኛል፤ ያሰብከውን አምጣው እያለ ነውና። ጥቁርም ወታደሩን አንድ ቤት ያስወጣው ወይስ ሁለት የሚለው የእሱ ምርጫ ነው።